ሰዓት በሽቦ እንዴት ይላካል?

ገበሬ ያለ ሰዓት ሰዓትን ያውቃል። ዶሮ ሲጮህ ይነሣል። ጥላው ከእግሩ ሥር ሲሰበሰብ ቀኑ መጋመሱን ያውቃል። ከብቶቹ ወደ በረት ሲያዘግሙ መምሸቱን ይረዳል። ለእርሻ ሥራ ይህ ይበቃል። ለደቦ የተጠራ ጎረቤት ግማሽ ሰዓት ቢያረፍድ ማሳው የትም አይሄድም።

ሰዓት ሲለያይ ግን ሰው የሚሞትበት ሥራ አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1891 በአሜሪካ አገር፣ ኦሃዮ በሚባለው ክፍለ ግዛት፣ ኪፕተን ከምትባል ትንሽ ጣቢያ አጠገብ ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት ተጋጩ። ሁለቱም የሚመላለሱት በአንድ ሐዲድ ላይ ነበር። አንዱ ጥግ ይዞ ሌላውን የሚያሳልፈው ሰዓቱን አይቶ ነው። ከባቡሩ ሰዎች የአንዱ የኪስ ሰዓት 4 ደቂቃ ያህል ቆሞ፣ እንደገና መሄድ ጀምሮ ነበር ይባላል። ሰውየው ጊዜ ያለው መሰለው። ጊዜ ግን አልነበረውም። በግጭቱ ብዙ ሰዎች ሞቱ፤ ደብዳቤ የሚለዩ የፖስታ ሠራተኞችም ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ዌብ ቦል የተባለ የሰዓት ነጋዴ የባቡር ሠራተኞችን ሰዓት እንዲመረምር ተሾመ። የሠራተኛው ሰዓት በሳምንት ከ30 ሴኮንድ በላይ መፍጠንም ሆነ መዘግየት የለበትም የሚል ደንብም ወጣ።

ዛሬ ከባቡር እጅግ የሚፈጥኑ ነገሮች በሽቦና በአየር ይመላለሳሉ። የኤሌክትሪክ ኃይልና የስልክ መልእክት ከነዚህ ዋናዎቹ ናቸው። ለነርሱ 30 ሴኮንድ ቀርቶ አንዲት ሴኮንድም ረዥም ዘመን ናት። ታዲያ በሩቅ ለሩቅ የተቀመጡ መሣሪያዎች ሰዓታቸውን እንዴት ያስማማሉ? ሰዓቱስ በሽቦ ሲላክ በመንገድ ላይ አይዘገይም ወይ? ይህን ቀስ እያልን እንመልከት።

ሴኮንድ ሲከፋፈል

አንድ ሰዓት 60 ደቂቃ ነው። አንድ ደቂቃ 60 ሴኮንድ ነው። አንድ ሴኮንድ ልብ አንድ ጊዜ የምትመታበት ያህል ነው።

አንዱን ሴኮንድ ለ1,000 ብንካፈለው አንዱ ድርሻ ሚሊ ሴኮንድ ይባላል። ለ1,000,000 ብንካፈለው ማይክሮ ሴኮንድ ይባላል። ለ1,000,000,000 ብንካፈለው ደግሞ ናኖ ሴኮንድ ይባላል።

ይህ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ በብርሃን እንለካው። ብርሃን በአንድ ሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በአንድ ማይክሮ ሴኮንድ ውስጥ ግን 300 ሜትር ብቻ ይሄዳል። በአንድ ናኖ ሴኮንድ ደግሞ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ማለት አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ይሄዳል። የስልክና የኮምፒዩተር መልእክት ብዙውን ጊዜ የሚላከው በብርሃን ነው፤ መንገዱም እንደ ፀጉር የቀጠነ የመስታወት ክር ነው። ብርሃን በመስታወት ውስጥ ሲሄድ ጥቂት ይዘገያል። በአንድ ናኖ ሴኮንድ 20 ሳንቲ ሜትር፣ አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ይጓዛል።

ይህን ያህል ማጥበቅ ለምን አስፈለገ?

አንደኛ፣ ስለ ስልክ እንናገር። ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ ሲወቅጡ አይታችሁ ይሆናል። አንዷ ዘነዘናዋን ስታነሣ ሌላዋ ትጥላለች። ምታቸው ከተስማማ እህሉ ቶሎ ይወቀጣል። ምታቸው ከተዛባ ግን ዘነዘና ከዘነዘና ይጋጫል። በየኮረብታው ላይ የቆሙት የስልክ ምሰሶዎችም እንዲሁ ናቸው። በ4ኛውና በ5ኛው ትውልድ የስልክ አሠራር ብዙ ምሰሶዎች በአንድ የአየር ሞገድ ላይ በተራ ይናገራሉ፤ በተራ ያዳምጣሉ። አንዱ ምሰሶ ተራውን ስቶ ከተናገረ ጎረቤቱ የሚያዳምጠውን ድምፅ ይሸፍንበታል። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ምሰሶ ከትክክለኛው ሰዓት ከ1.5 ማይክሮ ሴኮንድ በላይ እንዳይርቅ ይፈለጋል።

ሁለተኛ፣ ስለ ኤሌክትሪክ መሥመር እንናገር። በረዥም መሥመር ላይ ዛፍ ቢወድቅ ወይም መብረቅ ቢመታው፣ ድንጋጤው እንደ ውኃ ማዕበል በሁለቱም አቅጣጫ ይሮጣል። በመሥመሩ ዳርና ዳር ያሉት ሁለት ጣቢያዎች ማዕበሉ የደረሰበትን ሰዓት ይመዘግባሉ። ቀድሞ የደረሰበት ጣቢያ ለጉዳቱ ቅርብ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የሰዓት ልዩነት ሲቆጠር የተጎዳው ቦታ ይታወቃል። እንግዲህ የሁለቱ ጣቢያዎች ሰዓት በ1 ማይክሮ ሴኮንድ ቢለያይ፣ ቦታው በ150 ሜትር ያህል ይሳታል። ይህ አያስቸግርም፤ ሠራተኛው ቆሞ ዓይኑን ወርወር ቢያደርግ ያየዋል። በ1 ሚሊ ሴኮንድ ቢለያይስ? 150 ኪሎ ሜትር ያህል ይሳታል! ያን ጊዜ የጥገናው ሠራተኛ የሚላከው ወደ ሌላ አገር ገደል ነው። መብራቱ ግን እንደጠፋ ይቆያል። ወፍጮው ይቆማል፤ ሐኪም ቤቱም ይጨልማል።

እውነተኛ ታሪክ እንጨምር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦገስት 14 ቀን 2003 በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅና በካናዳ በኦንታሪዮ ትልቅ የመብራት መጥፋት ደረሰ። 50 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ መብራት አጣ። የሁለቱ አገሮች መርማሪዎች የትኛው መሥመር ቀድሞ እንደወደቀ፣ የትኛውም እንደተከተለ ለማወቅ ብዙ ሺህ መዝገቦችን መልቀም ነበረባቸው። ብዙዎቹ መመዝገቢያ መሣሪያዎች በአንድ ሰዓት አይሄዱም ነበር። አንዱ «እኔ ነኝ የቀደምሁ» ሲል ሌላውም «የለም፣ እኔ ነኝ» የሚል ይመስላል። ሰዓታቸው ቢስማማ ኖሮ ምርመራው በብዙ ይቀል ነበር ብለው ጻፉ። መነሻው ያልታወቀ በሽታ ደግሞ መድኃኒቱ አይታወቅም።

ትክክለኛው ሰዓት ከየት ይመጣል?

በእጅ ሰዓት ውስጥ ኳርትዝ የሚባል ትንሽ ድንጋይ አለ። ኤሌክትሪክ ሲነካው ይርገበገባል። በብዙ የእጅ ሰዓቶች ውስጥ በአንድ ሴኮንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። ሰዓቱ ይህን እየቆጠረ ሴኮንድን ያወጣል። በስልክ ምሰሶና በኮምፒዩተር ውስጥም የዚህ ዘመድ የሆነ ድንጋይ አለ። ነገር ግን ድንጋዩ ሙቀትና ብርድ ይሰማዋል። ሲያረጅም ጠባዩ ይለወጣል።

እስቲ አንድ ሰዓት ከ100,000 አንዱን ብቻ ይሳሳታል እንበል። በቀን ሲሰላ ስሕተቱ አንድ ሴኮንድ አይሞላም። ለሰው ይህ ግሩም ሰዓት ነው። ለስልክ ምሰሶ ግን በእያንዳንዱ ሴኮንድ 10 ማይክሮ ሴኮንድ ይስታል ማለት ነው። የተፈቀደው 1.5 ብቻ አልነበረም ወይ? እንግዲህ አንዲት ሴኮንድ ሳትሞላ ከመሥመር ወጣ። ስለዚህ ሰዓትን አንዴ አስተካክሎ መተው አይቻልም። ያለማቋረጥ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ከኳርትዝ እጅግ የሚበልጠው የአቶም ሰዓት ነው። ጂ.ፒ.ኤስ. የሚባሉት ሳተላይቶች ከምድር 20,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይዞራሉ። በውስጣቸው የአቶም ሰዓት ተሸክመዋል፤ ሰዓቱንም ያለማቋረጥ ወደ ምድር ይናገራሉ። ሰማይ በደንብ የሚታየው አንቴና ከነርሱ ሰዓት ይቀበላል።

ታዲያ በየመሣሪያው ላይ አንቴና ተክሎ መገላገል አይቻልም ወይ? ሁልጊዜ አይቻልም። አንዳንዱ መሣሪያ በምድር ቤት ውስጥ ነው። አንዳንዱ በገደልና በረዥም ሕንፃ መካከል ነው። ከዚህም በላይ የሳተላይቱ ድምፅ ምድር ሲደርስ እጅግ ደካማ ስለሆነ በሌላ ሞገድ ሊታፈን ይችላል። ስለዚህ ጥቂት ጥሩ ሰዓቶች በተመረጡ ቦታዎች ይቀመጣሉ። የቀሩት መሣሪያዎች ከነዚህ በሽቦ ይቀበላሉ። የሁሉ አለቃ የሆነውን ሰዓት ዋና ሰዓት እንበለው። ከርሱ የሚቀበሉትን ተከታይ ሰዓቶች እንበላቸው።

ሰዓት የተሸከመ መልእክተኛ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ሽቦውን ትተን በሰው እንመስለው።

በወረዳው ከተማ ትክክለኛ ሰዓት አለ። በቀበሌው ያለው ሰዓት ግን የሚታመን አይደለም። የወረዳው ሰው አንድ ልጅ ጠርቶ «አሁን 3 ሰዓት ነው» የሚል ወረቀት ሰጥቶ ይልካል። ልጁ ቀበሌው ሲደርስ ግን 3 ሰዓት አልፏል። ስንት ደቂቃ አለፈ? መንገዱ የፈጀውን ያህል። መንገዱ ስንት ፈጀ? የቀበሌው ሰዓት የተበላሸ ስለሆነ አይታወቅም። ነገሩ የተቆለፈ ይመስላል።

መፍቻው ልጁን መልሶ መላክ ነው። እንዲህ ይደረጋል፦

ልጁ ከወረዳ የተነሣው በወረዳው ሰዓት ልክ በ3 ሰዓት ነው።

ቀበሌ ሲደርስ የቀበሌው ሰዓት 3 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይላል።

ልጁ ውኃ ጠጥቶ ዐረፈ። ሲነሣ የቀበሌው ሰዓት 4 ሰዓት ይላል።

ወረዳ ሲመለስ የወረዳው ሰዓት 3 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ይላል።

አራት ቁጥሮች አገኘን። አሁን እናስላ። ልጁ ከወረዳ ወጥቶ እስኪመለስ 30 ደቂቃ ፈጀ። ከዚህ ውስጥ በቀበሌው 10 ደቂቃ ዐርፏል። ስለዚህ በመንገድ ላይ የነበረው 20 ደቂቃ ነው። መሄድና መመለሱ እኩል ከሆነ አንዱ ጉዞ 10 ደቂቃ ነው። እንግዲህ ልጁ ቀበሌ ሲደርስ እውነተኛው ሰዓት 3 ሰዓት ከ10 ነበር። የቀበሌው ሰዓት ግን 3 ሰዓት ከ50 ብሎ ነበር። 40 ደቂቃ ቀድሟል ማለት ነው። 40 ደቂቃ ወደ ኋላ ይመለስ!

ልብ በሉ! የቀበሌው ሰዓት ቢሳሳትም የልጁን ዕረፍት በትክክል ቆጥሮልናል። የተሳሳተ ሰዓትም ቢሆን ለአጭር ጊዜ ቆይታ ይታመናል።

መሣሪያዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ዴቪድ ሚልስ የተባለው የአሜሪካ ሊቅ በዚህ ስሌት የሚሠራ የኮምፒዩተሮች የሰዓት ደንብ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 አወጣ። ያ ደንብ በተራው መንገድ ላይ ሰዓትን እስከ ሚሊ ሴኮንዶች ድረስ ያቀራርባል። ለስልክ ምሰሶ ግን አልበቃም። ስለዚህ በ2002 የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር ቁጥር 1588 የሆነ ሌላ ጥብቅ ደንብ አወጣ። በ2008 እና በ2019 ተሻሻለ። ባለሙያዎች ፒ.ቲ.ፒ. ይሉታል።

የፒ.ቲ.ፒ. አንዱ ጥበብ ሰዓቱን በበሩ ላይ መጻፍ ነው። ልጁ ቤት ውስጥ ሆኖ ጫማውን ሲፈልግ «3 ሰዓት» ተብሎ ከተጻፈ፣ ጫማ የፈለገበት ጊዜ ከመንገዱ ጋር ይደባለቃል። ስለዚህ የመሣሪያው በር ራሱ መልእክቱ የወጣበትንና የገባበትን ቅጽበት ይይዛል። ከወጣ በኋላ ደግሞ «የፊተኛው ወንድሜ በሩን የረገጠው በዚህ ሰዓት ነው» የሚል ሁለተኛ መልእክት ሊከተለው ይችላል።

ዳገትና ቁልቁለት

ስሌታችን አንድ ድካም አለበት። መሄድና መመለስ እኩል ናቸው ብለን ገምተናል። መንገዱ ወደ ቀበሌው ቁልቁለት ቢሆንስ? ልጁ በ5 ደቂቃ ወርዶ በ15 ደቂቃ ይወጣል እንበል። ድምሩ ያው 20 ነው። ስንካፈለው ያው 10 ይሆናል። ቀበሌው ግን 5 ደቂቃ የፈጀውን 10 ብሎ ቆጠረ። ሰዓቱ በ5 ደቂቃ ተሳሳተ። ስሕተቱ ሁልጊዜ የዳገቱና የቁልቁለቱ ልዩነት እኩሌታ ነው።

በሽቦም እንዲሁ ነው። ብዙ ጊዜ መልእክት በአንድ የመስታወት ክር ይሄዳል፤ በሌላ ክር ይመለሳል። አንዱ ክር ከሌላው በ40 ሜትር ቢረዝም በ200 ናኖ ሴኮንድ ይዘገያል። ስሕተቱ የዚያ እኩሌታ፣ 100 ናኖ ሴኮንድ ይሆናል። አንድ ቦታ ላይ ይህ ትንሽ ነው። በአሥር ቦታ በአንድ ወገን ቢደራረብ ግን አንድ ሙሉ ማይክሮ ሴኮንድ ይሆናል።

ጠባቡ ድልድይ

በልጁ መንገድ ላይ ጠባብ ድልድይ አለ እንበል። በሌላ ቀን ሳይቆም ይሻገራል። በገበያ ቀን ግን አህያና በቅሎ ተሰልፎ ስለሚጠብቅ ይቆያል። አንዳንዴ 2 ደቂቃ፣ አንዳንዴ 20 ደቂቃ። ሲሄድ ቆሞ ሲመለስ ላይቆም ይችላል። ያን ጊዜ ስሌቱ ሁሉ ይፈርሳል።

በሽቦ መንገድ ላይ ድልድዩ ስዊች የሚባለው ሣጥን ነው። ከመብራት ማብሪያው ጋር አናምታታው። ይህ ስዊች ብዙ ሽቦዎች የሚገናኙበት መስቀለኛ መንገድ ነው። ከአንዱ ሽቦ የመጣውን መልእክት ተቀብሎ ወደሚገባው ሽቦ ያሳልፋል። መልእክት ሲበዛ ያሰልፋል። ስለ ሰዓት የማያውቅ ስዊች የሰዓቱንም መልእክት ከሌላው ጋር ያሰልፈዋል። ምን ያህል እንዳቆየውም አይናገርም።

ለዚህ ሁለት መድኃኒት አለ።

የመጀመሪያው፣ ድልድዩ ላይ ጠባቂ ማቆም ነው። ጠባቂው ልጁን ከወረፋ አያወጣውም። ነገር ግን በወረቀቱ ላይ «እዚህ 7 ደቂቃ ቆይቷል» ብሎ ይጽፍለታል። ሁለተኛው ድልድይም የራሱን ይጨምርበታል። ተቀባዩ ሁሉን ደምሮ ይቀንሳል። እንዲህ የሚያደርገውን ስዊች አሳላፊ ሰዓት እንበለው፤ ባለሙያዎች ትራንስፓረንት ክሎክ ይሉታል።

ሁለተኛው፣ ድልድዩ ላይ ሰዓት ማስቀመጥ ነው። የድልድዩ ሰው ሰዓቱን ከወረዳው ጋር ያስማማል። ከዚያ ወዲያ ላሉት ቀበሌዎች ሌሎች ልጆችን በራሱ ስም ይልካል። ከላይ ተከታይ ነው፤ ከታች ግን አለቃ ነው። ይህን ባውንደሪ ክሎክ ይሉታል፤ እኛ የመካከል ሰዓት እንበለው። ጥቅሙ ዋናው ሰዓት ለሁሉም በየግሉ መልስ ከመስጠት መዳኑ ነው። ጉዳቱ ደግሞ የመካከሉ ሰዓት ከተሳሳተ ከርሱ በታች ያሉት ሁሉ አብረው መሳሳታቸው ነው።

በሁለቱም መድኃኒት ወረፋው አልጠፋም። የጠፋው ያልተነገረ ወረፋ ነው። የተነገረ መዘግየት ተቀንሶ ይወጣል፤ የተደበቀ መዘግየት ግን ሰዓት ሆኖ ይቀመጣል።

ስዊቹ እንዴት ይሰናዳል?

ስዊች ተገዝቶ ሽቦ ስለተሰካበት ብቻ ይህን ሥራ አይሠራም። ባለሙያው የሚከተለውን ማሰናዳት አለበት።

1ኛ. አለቃውን ለይቶ ማሳወቅ። እያንዳንዱ ሰዓት ከ0 እስከ 255 የማዕረግ ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩ ያነሰ ሰዓት ይቀድማል። ማንም ካልነካው ብዙውን ጊዜ 128 ላይ ይገኛል። ቁጥራቸው እኩል ከሆነ የሰዓቱ ጥራት ይታያል። ዋናው ሰዓት ዝም ካለ የቀሩት እርስ በርሳቸው ሌላ አለቃ ይመርጣሉ። ስለዚህ ሁለተኛ ጥሩ ሰዓት ቀደም ብሎ መዘጋጀት አለበት። አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ትንሽ ቁጥር የተሰጠው የተበላሸ ሰዓት ቢገባ ሁሉም እርሱን ይከተላሉ።

2ኛ. የማኅበሩን ቁጥር አንድ ማድረግ። አብረው የሚሠሩ ሰዓቶች አንድ የማኅበር ቁጥር ይይዛሉ። የአንዱ 0፣ የሌላው 24 ቢሆን፣ በአንድ ሽቦ ላይ ቢሆኑም አይሰማሙም።

3ኛ. የስዊቹን ሥራ መወሰን። አሳላፊ ይሁን ወይስ የመካከል ሰዓት? በመንገዱ ላይ ያሉት ስዊቾች ሁሉ ሥራቸውን ማወቅ አለባቸው። ከአሥር ድልድዮች አንዱ ብቻ ያለ ጠባቂ ቢቀር የቀሩት ዘጠኝ ጠባቂዎች ድካም ይበላሻል።

4ኛ. የመንገዱን አለካክ ማስማማት። መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሊለካ ይችላል፤ ወይም ጎረቤት ከጎረቤት ጋር በየክፍሉ ሊለካው ይችላል። በሽቦው በዚህና በዚያ ወገን ያሉት አንድ ዓይነት አለካክ ካልያዙ አይግባቡም።

5ኛ. መልእክቱ ስንት ጊዜ እንደሚላክ መወሰን። በአንድ የታወቀ የስልክ ደንብ መሠረት የሰዓት መልእክት በሴኮንድ 16 ጊዜ ይላካል። ተከታዩ ሰዓት በዚህ ብቻ አይወሰንም፤ ድንጋዩ የሚፈጥን ወይም የሚዘገይ መሆኑን እየተማረ እርምጃውን ያርማል።

6ኛ. በሮቹን መጠበቅ። ወደ ደንበኛ መሣሪያ በሚወጣው በር በኩል የአለቃ ትእዛዝ እንዳይገባ መዝጋት ያስፈልጋል። በዚያ በር ስዊቹ ሰዓት ይሰጣል እንጂ አይቀበልም።

7ኛ. ዳገቱን መለካት። የሁለቱ ክሮች ርዝመት ልዩነት በመሣሪያ ተለክቶ በስዊቹ ውስጥ ይጻፋል።

8ኛ. የአቆጣጠሩን ልዩነት ማወቅ። ፒ.ቲ.ፒ. የሚቆጥረው በአቶም ሰዓት ነው። ይህ አቆጣጠር ከ2017 ጀምሮ ሕዝብ ከሚጠቀምበት የዓለም ሰዓት በ37 ሴኮንድ ይቀድማል። የኢትዮጵያ ሰዓት ከዓለም ሰዓት 3 ሰዓት ይቀድማል። ከዚያም እኛ ቀኑን የምንቆጥረው ከንጋት ነው። ይህ ሁሉ የሚጨመረውና የሚቀነሰው ለሰው ሲታይ ነው። መሣሪያዎቹ በመካከላቸው የሚነጋገሩት በአንድ ቁጥር ብቻ ነው። የ37ቱ ሴኮንድ ቁጥር በስሕተት ከተጻፈ ግን ሁሉም ተስማምተው የተሳሳተ ሰዓት ያሳያሉ።

መስማማትና ትክክል መሆን

ሥራው ካለቀ በኋላ ባለሙያው ስዊቱን «ከዋናው ሰዓት ምን ያህል ትርቃለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ስዊቹ «ምንም አልርቅም» ብሎ ሊመልስ ይችላል። ይህ መልስ ብቻውን አይታመንም። ለምን? ያ ቁልቁለት ያታለለው ቀበሌ ቢጠየቅ እርሱም «ከወረዳው ጋር ልክ ነኝ» ይል ነበር። ስሌቱ በራሱ ውስጥ ያለውን ዳገት አያይም። ስለዚህ ብልህ ባለሙያ በሌላ መንገድ የመጣ ሌላ ሰዓት፣ ለምሳሌ የራሱ አንቴና ያለው ተንቀሳቃሽ ሰዓት ይዞ ይሄዳል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ያስተያያል። ዕቃ ገዝቶ ሚዛኑን የሚጠራጠር ሰው በሌላ ሚዛን ያስመዝን የለም? እንዲያ ነው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። የሽቦውም ድር እንዲሁ ነው። ዋናው ሰዓት የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ በመካከል ያለ አንድ ሣጥን ያቆየበትን ጊዜ ከደበቀ ምሰሶው ተራውን ይስታል፤ ጠጋኙም ወደ ሌላ ገደል ይሄዳል። በመንገዱ ያሉት ሁሉ የየራሳቸውን መዘግየት በትክክል ከተናገሩ ግን፣ ሩቅ ያለው መሣሪያ ሰዓቱን ከአለቃው አጠገብ እንደቆመ ሆኖ ያውቃል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ልጁ ከወረዳ በወረዳው ሰዓት በ2 ሰዓት ተነሣ። ቀበሌ ሲደርስ የቀበሌው ሰዓት 2 ሰዓት ከ5 ይላል። ሲነሣ 2 ሰዓት ከ25 ይላል። ወረዳ ሲመለስ የወረዳው ሰዓት 2 ሰዓት ከ50 ይላል። አንዱ ጉዞ ስንት ደቂቃ ፈጀ? የቀበሌው ሰዓት ይቀድማል ወይስ ይዘገያል? በስንት ደቂቃ?

2. ወደ ገበያችሁ የሚወስደው መንገድ ሲሄዱና ሲመለሱ እኩል ጊዜ ይፈጃል? ልጁን በዚያ መንገድ ብትልኩት ሰዓታችሁ በስንት ደቂቃ ይሳሳታል?

3. አሳላፊ ሰዓትና የመካከል ሰዓት በምን ይለያያሉ?

4. ሁሉም ሰዓቶች ተስማምተው ሁሉም ሊሳሳቱ የሚችሉት እንዴት ነው? ይህን በምን ማወቅ ይቻላል?